ቃል የሚመለስበት መጋዘን

ባለፈው ሰሞን በራችን ላይ አንዲት ባጃጅ ቆመች። ጣሪያዋ ላይ ድምፅ ማጉያ ታስሯል። ሹፌሩ በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው ማይክሮፎኑን ይዞ፣ «የወረታ ከተማ ነዋሪዎች፣ ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት በአዳራሹ ሕዝባዊ ውይይት ስላለ እንዳትቀሩ!» እያለ ይለፍፋል። እኔ ደግሞ «ውይይት» የሚል ቃል ከሰማሁ ከጥንትም ቤት አያስቀምጠኝም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም እያለ ያስቸግረኛል፤ ቢሆንም ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ከዘራዬን ይዤ፣ በተባለው ሰዓት ደረስኩ። ሰዓት ያከበርነው እኔና ወንበሮቹ ብቻ ነበርን። ወደ አራት ሰዓት ሲሆን መድረኩ ላይ የታሸገ ውሃ ተደረደረ፤ ግድግዳው ላይ ጽሑፍ በራ፤ ወዲያው መብራት ጠፋ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ጠፋ። ርዕሱ የጎርፍ ነገር ነበር፤ ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ የሚውጠው የሜዳው ሰው ምን ይሁን የሚል። ትልቅ ነገር ነው። ግን ከመድረኩ የወረደልን «ባለድርሻ አካላት» እና «አቅጣጫ ማስቀመጥ» ብቻ ሆነ። በመጨረሻ «ለአስተያየት ጥቂት ሰው፣ በአጭር በአጭሩ» ተባለ። የተነሡት አዘጋጆቹን አመስግነው ተቀመጡ። አጠገቤ ያለችውን ወጣት፣ «አንቺስ ምንም አትይም?» አልኳት። «ምን ብዬ እማማ? ማን ሊሰማኝ?» አለችኝና ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ከአዳራሹ ስወጣ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ ጀርባ የተከመረው ገለባ ይጤሳል። ወረታ ላይ ለኖረ ሰው ይህ ሽታ ብርቅ አይደለም፤ እኔን ግን ያን ቀን ያዘኝ፤ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥኩ። የልጅነቴ መጋዘን የሸተተው እንደዚህ ነበር፤ ጢሱ ብቻ የሌለበት፣ እርጥብና ጣፋጭ የሆነ የገለባ ሽታ። ሩዝ ፎገራ ላይ አዲስ በነበረበት ጊዜ ገበሬው «ይህ የጉንዳን እንቁላል ምን ይበጃል?» እያለ ያሾፍበት ነበር፤ ዛሬ ሜዳው ሁሉ ሩዝ ሆኖ ያሾፉት ሰዎች ልጆች በሱ ቆርቆሮ ቤት ሠርተዋል። መጋዘኑ የገበሬዎች ማኅበር ንብረት ነበር። እህሉ ወጥቶ አዲሱ እስኪገባ ባዶውን ስለሚቆም፣ በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ የከተማውም የገጠሩም ሰው እዚያ እየተሰበሰበ ይወያይ ነበር። ማን እንደጀመረው አላውቅም። አስተማሪዎቹ እኛ ነን ይላሉ፤ ቄሶቹ እኛ ነን ይላሉ፤ ነጋዴዎቹ ደግሞ «ዝናብ ነው የጀመረው፤ ሰው ሁሉ ሊጠለል ገብቶ ወሬ ያዘ» ይላሉ። እኔ የነጋዴዎቹን አምናለሁ።

ወረታ ያን ጊዜ እንዲህ አልተንዘራጠጠችም። ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድና ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው መንገድ የሚለያዩበት ማዕዘን ነበረች፤ ማዕዘኑ ላይ የጭነት መኪኖች ይቆማሉ፤ ሾፌሮቹ ጎማ እየመቱ ይዞራሉ፤ በየሻይ ቤቱ ራዲዮ ይዘፍናል። አንድ ዘፈን ከአንዱ ሻይ ቤት ጀምረህ እየሰማህ ብትሄድ የመጨረሻው ሻይ ቤት ላይ ያልቅልሃል፤ ከተማይቱ የአንድ ዘፈን ርዝመት ነበራት። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ዳቦው እንደ ጡብ የከበደ። አስተማሪዎቹ ቦላሌ ሱሪ ለብሰው ጠጉራቸውን አጎፍረው ሲሄዱ የገጠር ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ይስቁባቸዋል፤ «አቧራውን በሱሪው ጠረገልን» እያሉ። እኛ የሜዳ ልጆች በገበያ ቀን የላስቲክ ጫማችንን በእጃችን ይዘን መጥተን፣ የከተማው ጠርዝ ላይ እግራችንን ታጥበን እናጠልቀው ነበር። ሽንሽን ቀሚስ የነበራት ሴት ንግሥት ናት። እኔ አልነበረኝም፤ የእናቴን ጥልፍ አሳጥረው ሰፍተውልኝ በሱ ነበር የምኮራው።

የመጋዘኑ ሰብሳቢ አያ ሞላ የሚባል ቆዳ ነጋዴ ነው። ድምፁ ከርብ ወንዝ ማዶ ይሰማል። በክረምት «ርብም ሞላ፣ መጋዘኑም ሞላ፣ ሰብሳቢውም ሞላ» ይሉት ነበር። የዚያን ቤት ወግ ግን ሌላ የትም አላየሁትም። «ቃል መመለስ» ይሉታል። ከጥንቱ የሙግት ሥርዓት የተቀዳ ነው መሰለኝ። አንድ ሰው ተናግሮ ሲቀመጥ፣ ልቃወመው ያለ ሰው በቀጥታ መቃወም አይችልም። በመጀመሪያ የሰውየውን ቃል በራሱ አፍ መመለስ አለበት፤ «እንዲህ ብለሃል» ብሎ። ባለቤቱ «ቃሌ ነው» ካለ መንገዱ ክፍት ነው፤ «ቃሌ አይደለም» ካለ ደግሞ እስኪያገኘው ድረስ ይሞክራል። ሳያገኘው መቀመጥ ነውር ነው። ስለ ተዝካር የተወያየን ዕለት፣ አንድ ገበሬ «ለሙት ሲባል ሕያው መራብ የለበትም፤ ድግሱ ይቅር» አለ። አንድ ሽማግሌ ደብተራ ሊቃወሙት ተነሡ። ቃሉን ቢመልሱ ቢመልሱ ገበሬው «ቃሌ አይደለም» ይላቸዋል። ተናደዱና በአራት ማዕዘኑ እየተንጎራደዱ ስለ ረሃብ፣ ስለ ዕዳ፣ በሬውን ሸጦ ስለሚደግስ ምስኪን ሲናገሩ ሕዝቡ አለቀሰ። ገበሬው ተነሥቶ «ቃሌ ነው፤ እንዲያውም ከቃሌ ይበልጣል!» አለ። ደብተራው ወደ መቃወሚያቸው ሊገቡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን የሚሉት ጠፋባቸው። «ጉድ ነው፤ ራሴን ረታሁት» ብለው ተቀመጡ። ያን ቀን የተሳቀው ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

እንግዲህ የኔን ነገር ልንገራችሁ። የተወለድኩት ቁሐር ሚካኤል ነው፤ አባቴ የዚያው ደብር ቄስ ነበር። ሰው ሁሉ አንቱ ይለዋል፤ እኔ የመጨረሻ ልጁ ስለሆንኩ በአንተ ነው የኖርነው። የኛ ሰፈር ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ሰባተኛ ወረታ ነው፤ ወረታ ደግሞ በእግር የሚደረስባት በበጋ ነው። ክረምት ሲገባ ርብም ጉማራም ይሞሉና ሜዳው ጣናን ያህላል። መስከረም ጠባ፣ አበባ ፈነዳ ሲባል እኛ ገና ውሃ ውስጥ ነን። ደጃችን ላይ ታንኳ ይታሰራል፤ ከብት ወደ ዳገት ይወጣል። የከተማ ልጆች መማር ጀምረው ፈተና ሲፈተኑ፣ እኛ ውሃው እስኪሸሽ ጭቃ እንለካለን። ሴት ልጅ ደግሞ ያን ያህል ከቤት ከዋለች ወላጆቿ ሌላ ሥራ ያገኙላታል፤ ሥራው ምን እንደሆነ አገር ያውቀዋል፤ ሽማግሌ ይላካል። ታላላቅ እኅቶቼ ሁለቱም የቀሩት እንዲሁ ነው። ያን አንዱን ዓመት ከሌሎቹ ሁሉ ለይቼ የማስታውሰው ለዚህ ነው፤ ስድስተኛን ከልጆች ሁሉ በልጬ ጨርሻለሁ፤ ክረምቱ እየገባ ነው፤ የአንድ የሩቅ ደብር ቄስ ሰዎች ወደ ቤታችን መመላለስ ጀምረዋል። እኔ በየሌሊቱ መጽሐፌን ደረቴ ላይ አድርጌ እተኛለሁ።

በዚያው ሰኔ መጋዘኑ ውስጥ የሜዳው ልጆች ትምህርት ለውይይት ቀረበ። አባቴ እኔንም እናቴንም ይዞን ሄደ። ሴቶች ከኋላ ባዶ ጆንያ ላይ እንቀመጣለን። ነገሩን ያቀረበው መምህር ጌታሁን ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ አፉ ፈጣን፣ ልቡ ግን ንጹሕ የሆነ ወጣት። ጎፈሬውን ነካ ነካ አድርጎ፣ «ችግሩ ውሃው ነው፤ ውሃውን ማቆም አንችልም። እንግዲያው ከሜዳው የሚመጡትን ሴት ልጆች ውሃው እስኪሸሽ እዚሁ ከተማ ውስጥ አዳሪ ብናደርጋቸውስ?» አለ። እሱ በሚያውቀው አዲስ አበባ «አዳሪ» ማለት ከትምህርት ቤቱ ግቢ የሚኖር የተከበረ ተማሪ ነው። የኛ ሰው ግን ከሴት ጋር የተያያዘ «አዳሪ» የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ማዕዘኑ ላይ፣ መኪኖቹ በሚቆሙበት፣ መጠጥ ቤት ያላቸውን ሴቶች። አንዱ ዱላውን መሬት ላይ መታ። «ምን አለ? ምን አለ ይኼ?» የሚለው ድምፅ ከዳር ዳር ተቀጣጠለ። ከሐሙሲት መንገድ የመጡ ገበሬዎች ተነሡ፤ እናቴ ጆሮዬን በሁለት እጇ ደፈነችው። መምህር ጌታሁን ምን እንዳጠፋ ሳይገባው መድረኩ ላይ እየተቁለጨለጨ ቀረ።

አባቴ ተነሣ። ጥምጥሙን አስተካክሎ ጭራውን አነሣ። አያ ሞላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባ፣ ነውር አይሁንብኝና፣ ሊቃወሙ ኸሆነ ደንቡ ለርስዎም ደንብ ነው። ቃሉን ይመልሱለት» አለው። ቄስ እንዴት አድርጎ ያንን ቃል፣ በሕዝብ ፊት፣ ሚስቱና ልጁ እየሰሙት ይጠራዋል? አባቴ ጎሮሮውን ጠራርጎ ጠራርጎ፣ «‹ሴት ልጆቻችሁን ለመጠጥ ቤት ስጡ› ብለሃል» አለ።

«ኧረ በስመ አብ! ቃሌ አይደለም አባ!»

«እንግዲያስ ‹ለሹም ቤት ገረድ ይሁኑ› ብለሃል።»

«ቃሌ አይደለም።» መምህሩ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

አባቴ ሊቀመጥ ዞር ሲል አያ ሞላ «አልሆነም አባ፤ ቃሉን ሳያገኙት መቀመጥ የለም» አለ። አባቴ ቆመ። መምህሩን ከእግር እስከ ራሱ አየው። የሚቃወመውን ሰው ሳይሆን የጠፋበትን ዕቃ የሚፈልግ ይመስል ነበር። ከዚያ ቃሉን ቁራሽ ቁራሽ እያደረገ ጀመረ።

«ልጅቱ ኸሜዳው ትመጣለች።»

«ቃሌ ነው።»

«ውሃው እስቲሸሽ ኸሰው ቤት ታድራለች።»

«ቃሌ ነው።»

«ሌት እዚያ አድራ፣ ቀን ፊደል ስትቆጥር ትውላለች። ሌላ ነገር የለበት?»

«ምንም የለበትም አባ። ይኸው ነው፤ ቃሌ ይኸው ነው።»

አባቴ ጭራውን ዝቅ አደረገ። «አይ የከተማ ሰው! እኔስ ቅኔ ስማር ደበሎ ለብሼ፣ ውሻ እየነከሰኝ፣ ስንቱ ደጅ አድሬ የለም? ‹ተማሪ ሆነው ይደሩ› አይባልም? ‹አዳሪ›ን ምን አመጣው?» አለ። መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። መምህር ጌታሁን ያኔ ነው የገባው፤ ፊቱን በእጁ ሸፈነና እሱም ሳቀ። እኔ ከኋላ ሆኜ የናቴን እጅ ከጆሮዬ ላይ አወረድኩ፤ ልቤ ሜዳውን ሊሻገር ደርሶ ነበር።

ግን አባቴ አልተቀመጠም። «እሽ፣ ቃሉ ገባኝ። አሁን የኔን ስሙ፤ ማን ዘንድ ነው የምታድረው?» አለ። ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። የከተማው ሰው ጫማውን ያይ ጀመር። አንዱ ቤቴ ጠባብ ነው አለ፤ አንዱ ሚስቴ ታማለች አለ፤ አንዱ ደግሞ ልጅ ማሳደር ኃላፊነት ነው፣ ይጠና አለ። «ይጠና» የሚባለው ነገር ያን ጊዜም ነበር፤ ሞት ያልደፈረው ቃል ነው። ሰበቡ ሲደረደር፣ ሜዳው ተመልሶ ሲዘጋብኝ ታየኝ። ከቄሱ ቤት የሚመጡት ሰዎች፣ በቅሏቸው፣ የሚያመጡት ጥሎሽ ሁሉ ፊቴ ላይ ተሰለፈ። ያኔ ከበሩ አጠገብ አንዲት ሴት ተነሣች። «እኔ ዘንድ ትደር» አለች።

እትዬ ዓለምነሽ ነበረች። ማዕዘኑ ላይ መጠጥ ቤት ካላቸው አንዷ፤ መልኳ የጠና፣ ወርቅ ጥርስ ያላት፣ ብቻዋን የምትኖር። ከወዴት እንደመጣች እንኳ የሚያውቅ የለም፤ ከራያ ነው የሚልም አለ፣ ከወሎ ነው የሚልም አለ። ሴት በዚያ መጋዘን ቆማ ስትናገር አይቼ አላውቅም፤ እሷ ደግሞ ከሴቶቹም ተለይታ በር ላይ ነበር የምትቀመጠው። ወዲያው አንዱ ከመካከል፣ «በሉ እንግዲህ፤ መምህሩስ ‹አዳሪ› ሲል ልክ ኑሯል!» አለና ሰዉን አሳቀው። እሷ አልተቀመጠችም። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መልሳ እንደቆመች ቀረች። እኔ አንገቴን አቀርቅሬ «አባቴ እንቢ ሊል ነው፣ እንቢ ሊል ነው» እላለሁ። እንቢ ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር፤ ቄስ ነው፤ ሰው ምን ይለዋል?

አባቴ ጥምጥሙን እንደገና አስተካከለ። ከዚያ፣ «ወይዘሮ ዓለምነሽ፣ ቃልሽን ልመልስ» አላት። እሷን «ወይዘሮ» ብሎ የጠራት ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም፤ አሳቂውም አፉን ያዘ። «‹ልጅህን እኔ ዘንድ አሳድራለሁ። ለሷ ስል መጠጡን ትቼ፣ ለመንገደኛ የምከፍተውን በሬን ዘግቼ፣ እንደ እናት ሁኜ አሳድራለሁ› ብለሻል» አላት።

እንዲህ አላለችም። ያለችው «እኔ ዘንድ ትደር» ብቻ ነው። በደንቡ «ቃሌ አይደለም» ማለት ትችላለች፤ መተዳደሪያዋ ነውና ብትልም አይፈረድባትም። ሕዝቡ አንገቱን ወደ በሩ አዞረ። እትዬ ዓለምነሽ አባቴን አየችው፤ ከዚያ በጆንያዎቹ መካከል ፈልጋ እኔን አየችኝ። «ይህን ሁሉ አላልኩም ነበር፣ አባ» አለች። «አሁን ግን ቃሌ ነው።»

መስከረም ሲጠባ አባቴ በታንኳ አሻገረኝ። እትዬ ዓለምነሽ በርግጥም የፊት በሯን ዘግታዋለች፤ በጓሮው በር በኩል ሻይና ዳቦ መሸጥ ጀምራ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሾፌሮች እየመጡ በሩን ይደበድቡታል፤ እሷ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ተማሪ አለች፤ ዞር በሉ! ሻይ የፈለገ በጓሮ!» ትላቸዋለች። ከናቴ ቤት ይልቅ ሥርዓቷ ይጠና ነበር። ከትምህርት ስመለስ መክሰሴን ሳትሰጠኝ በፊት፣ «ዛሬ መምህሩ ምን አለ? ቃሉን መልሺልኝ» ትለኛለች። የተማርኩትን ሁሉ እነግራታለሁ፤ የገባኝ መስዬ ስቀባጥር፣ «ይኼስ የመምህሩ ቃል አይዶለም፤ ገና አልገባሽም፤ ሂጂና ተመልሰሽ እዪው» ትለኛለች። በኋላ አስተማሪ ስሆን ይህን ብቻ ነበር ይዤ የወጣሁት፤ ከመምህራን ማሠልጠኛው ከተማርኩት ሁሉ የሠራልኝ እሱ ነው። እሷ ልጅ ወሰደች ሲባል የከተማው ሰው አፈረ መሰለኝ፣ ጥቅምት ሳይገባ ሌሎቹም የሜዳ ልጆች በየቤቱ አደሩ። አንድ አዝማሪ በገበያ ቀን ማዕዘኑ ላይ ቆሞ እንዲህ ብሎ ዘፈነ፦

«አዳሪ ናት ቢሉኝ ደንግጬ ደንግጬ፣
ከፊደል ጋር አድራ አገኘኋት ሮጬ።»

ሾፌሮቹ ሳንቲም ወረወሩለት፤ እትዬ ዓለምነሽ ግን «ስሜን ሳይጠራ አመለጠ!» ብላ በቀልድ አባረረችው። አባቴ በየገበያ ቀኑ ስንቅ ይዞልኝ ይመጣል። ግቢውን ግን አይረግጥም፤ ዘግታዋለች ቢባልም ቤቱ ስሙ ገና አልተለወጠም። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ወይዘሮ ዓለምነሽ!» ይላል። «አቤት አባ!» ትላለች ከውስጥ። «ልጅቱ ደኅና ናት?» «ምን ትሆናለች፤ እንደ ቄስ ትበላለች፣ እንደ ዲያቆን ትተኛለች!» እሱም ሳቁን ጥምጥሙ ሥር ደብቆ ሊሄድ ይነሣል። ያንን የአጥር ላይ ወሬ አሁን በሕልሜ እሰማዋለሁ። ውሃው ቢሸሽም እዚያው ቀረሁ፤ ትምህርቴን እስክጨርስ ውሃ ሞላም ጎደለም እንዲሁ ሲጠራሩ ኖሩ፤ እሱ አልገባም፤ እሷም ግባ አላለችውም።

የመጋዘኑ ውይይት ኋላ ላይ ቀረ። አንድ ዓመት እህሉ አልወጣም፤ አንድ ዓመት ቁልፉ ከማን ዘንድ እንዳለ ጠፋ፤ አያ ሞላም አረፈ። ዘመኑ ከሰው አፍ ቃል እየነጠቀ ሄደ። ሰው ቃል መመለሱን ትቶ ቃል መወርወር ለመደ፤ አሁን ደግሞ በስልክ ይወረወራል፤ «እንዲህ ብለሃል?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ያልከው ሌላ፣ የተሰማው ሌላ ሆኖ አገር ይቃጠላል። ናፈቀኝ፣ ምን ልበላችሁ! ያ ጆንያ፣ ያ ሽታ፣ ያ «ቃሌ ነው» ሲባል ሰው ትከሻው የሚላቀቅበት ጊዜ ናፈቀኝ። ወጣቷ «ማን ሊሰማኝ?» ስትለኝ እጇን ይዤ ወደዚያ ልወስዳት ፈልጌ ነበር። ግን የት ነው የምወስዳት? ቦታው ላይ ዛሬ የስሚንቶ መደብር ቆሟል።

እትዬ ዓለምነሽ ያረፈችው እኔ ሐሙሲት ሳስተምር ነው፤ ክረምት ነበር። ስደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ሻይዋን ያልጠጣ የለማ። ግን ሰው ቆሞ ቀርቷል፤ ተቀምጦ የሚያለቅስላት ዘመድ የለም። የዕድሩ ሽማግሌ ግራ ገብቷቸው፣ «ኸቀብር በፊት እንወቅ እንጂ፤ ሐዘንተኛው ማነው? ‹እግዜር ያጥናህ› የምንለው ለማን ነው?» ይላሉ። እኔ ልናገር ስል፣ አባቴ በአጥሩ በር በኩል ብቅ አለ። ከቁሐር በታንኳ ተሻግሮ፣ የቀረውን በእግሩ ነው የመጣው፤ ቀሚሱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ እናቴ ከኋላው አለች። አጥሩ ጋ ቆም አለ፤ እንደ ልማዱ። ከዚያ ያንን ደፍ ተሻግሮ ገባ። ሰዉን በመካከል ሰንጥቆ፣ የሐዘንተኛው ምንጣፍ ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

«ለኔ በሉኝ» አለ።

ሽማግሌው ደነገጡ። «አባ… ምንዎ ናት?»

«የልጄ እናት ናት።»

ቄስ ነው፤ ሚስቱ አጠገቡ ቆማለች፤ ቤቱም ያ ቤት ነው። ሴቶች ዓይን ለዓይን ተያዩ። ወደ አባቴ ጆሮ ጎንበስ ብዬ፣ «አባ፣ ሰው እኮ ሌላ ነገር ነው የሚሰማው» አልኩት። «የሰማውን ይስማ» አለኝ፤ ዓይኑን ከሬሳው ሳጥን ላይ ሳያነሣ። እናቴ እስከዚያ ቀን ዕድሜዋን ሙሉ ከሰው ፊት ተናግራ የማታውቅ ሴት ነበረች። ነጠላዋን አገልድማ መጥታ ምንጣፉ ላይ ከአባቴ ጎን ተቀመጠች። «እውነቱን ነው» አለች። «እኔ ወለድኩ፤ እሷ አሳደረች፤ ሁለታችን አሳደግን። ለኔም እግዜር ያጥናሽ በሉኝ።» ሽማግሌው ቀድመው ጎንበስ አሉላት፤ ከዚያ ሰዉ ሁሉ ተሰለፈ።

አሁን ሁሉም የሉም። የሰው ወሬም በጊዜው ተወርቶ በጊዜው አለቀ፤ እኔም ማብራራት ትቻለሁ። እናትሽ የት ነው ያረፈችው ያለኝ ሰው ካለ፣ ሁለት ቤተ ክርስቲያን እጠራለታለሁ።